በር በተዘጋበት ቁጥር ሌላ መንገድ ያገኘው ዜማ፦ ስለ ቱርክ አራቤስክ

አራቤስክ የሚባለውን የቱርክ የሙዚቃ ዓይነት የሚጠሉ ሰዎች ክሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ልቅሶ ነው፣ ከዐረብ የተቀዳ ነው፣ ከገጠር የመጣ መሃይም ሙዚቃ ነው። ቱርክ ውስጥ የኮንሰርቫቶሪ መምህሩም፣ ባለሥልጣኑም፣ የግራ ፖለቲከኛውም ለዐሥርት ዓመታት ይህንኑ ሲሉ ኖረዋል። ዝነኛው ፒያኒስት ፋዝል ሳይ በ2010 እንኳ ሕዝቡ ለአራቤስክ ባለው ፍቅር እንደሚያፍር ጽፎ አገሩን አንጫጭቶ ነበር። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) እኔ ነገሩን የማየው ከሌላ አቅጣጫ ነው። አራቤስክ የተሠራው በክልከላ ነው። መንግሥት አንዱን በር በዘጋ ቁጥር ሙዚቃው ሌላ መንገድ አገኘ፤ በዚያ መንገድ ሲያልፍም አንድ አዲስ ነገር ይዞ ወጣ። ዛሬ አንድ የ1970ዎቹ ዘፈን ስንሰማ የእያንዳንዱ ክልከላ አሻራ በቅንብሩ ውስጥ በጆሮ ይለያል።

ነገሩ የሚጀምረው በ1934 ነው። በዚያ ዓመት ኅዳር ወር መግቢያ ላይ ሙስጠፋ ከማል አታቱርክ በፓርላማ ባደረጉት ንግግር የአገሪቱ ሙዚቃ የሚያኮራ ደረጃ ላይ አለመሆኑን ተናገሩ። ጥቂት ቀናት ሳይቆዩ የቱርክ ባህላዊ የከተማ ሙዚቃ ከሬዲዮ ታገደ፤ እገዳው እስከ 1936 ዘለቀ። ሐሳቡ ሕዝቡ የምዕራቡን ሙዚቃ እንዲለምድ ነበር። ሬዲዮ ያለው ሰው ግን ቪየናን ሳይሆን ካይሮን መክፈት ጀመረ። የግብፅ መንግሥት ሬዲዮም ሥራ የጀመረው በዚያው በ1934 ነበርና የግብፃውያኑ ድምፃውያን የመሐመድ አብዱልወሃብና የኡም ኩልሱም ድምፅ እስከ ቱርክ ዋና ምድር እስከ አናቶሊያ ድረስ ገባ።

ከዚያ ፊልሙ መጣ። በ1938 አብዱልወሃብ የሚተውንበት «የፍቅር እንባ» የተሰኘ የግብፅ ፊልም ኢስታንቡል ውስጥ ሲታይ ሲኒማ ቤቱ ከአቅሙ በላይ ሞልቶ መስኮቱ ተሰባበረ፤ መንገዱም ተዘጋ። ባለሥልጣናቱ በዐረብኛ የተዘፈነ ዘፈን በፊልም ውስጥ እንዳይሰማ ከለከሉ። አስመጪዎቹ ታዲያ ፊልሙን አልተዉትም፤ ዘፈኑን አስለወጡት። እንደ ሳዴቲን ካይናክ ያሉ የዜማ ደራሲዎች ለእነዚህ ፊልሞች በቱርክኛ አዳዲስ ዘፈኖችን ጻፉ፤ የካይሮ ፊልሞች የለመዱት ትልቅ የቫዮሊን ኦርኬስትራም አብሮ ተወረሰ። ለእኔ የአራቤስክ ፅንስ ይህ ነው። የዐረብኛው ቃል ሲከለከል የዐረቡ ኦርኬስትራ የቱርክ ቃል ይዞ ቀረ።

ሌላው እናት ስደት ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ትራክተር የገበሬውን ጉልበት ሲተካና ፋብሪካ ከተማ ላይ ሲከማች ሰዉ ወደ ኢስታንቡል፣ አንካራ፣ ኢዝሚርና አዳና ጎረፈ። በ1950 አንድ ሚሊዮን ከጥቂት በላይ የነበረው የኢስታንቡል ግዛት ሕዝብ በ1990 ከሰባት ሚሊዮን አለፈ። መጪው ቤት አልነበረውምና በከተማው ዳር ሌሊቱን ሠርቶ ያደረበት ቤት ጌጄኮንዱ ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ ጨረቃ ቤት የምንለው ማለት ነው። መንግሥት በ1966 ስለነዚህ ቤቶች ራሱን የቻለ ሕግ እስኪያወጣ ድረስ ሰፈሮቹ ከተማውን ከበውት ነበር። ሌላው ደግሞ ከ1961 ስምምነት በኋላ ለሥራ ወደ ጀርመን ሄደ። ከመንደሩ የወጣ፣ ከተማውም ያልተቀበለው ይህ ሕዝብ የራሱ ድምፅ አልነበረውም። ሬዲዮው ለከተማ ልሂቃን የጠራ «ክላሲክ»፣ ለገጠር ደግሞ በመዝገብ የተሰበሰበ የሕዝብ ዜማ ያሰማል። በመሃል ላለው ሰው የሚሆን ነገር አልነበረም።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ሱዓት ሳይን ከአብዱልወሃብ ዜማ የተነሣ ዘፈን አውጥቶ መንገዱን አሳየ። መንገዱን የጠረገው ግን በ1944 ሳምሱን ከተማ የተወለደው ኦርሃን ጌንጄባይ ነው። ልጅ ሳለ በቫዮሊንና በማንዶሊን ጀምሮ ባለላማ ወደሚባለው ረጅም አንገት ያለው ባህላዊ የክር መሣሪያ ተሻገረ፤ በወጣትነቱ ጃዝና ሮክ ተጫወተ። በ1966 በመንግሥት ሬዲዮ ተቀጥሮ ብዙም ሳይቆይ ለቀቀ። በ1960ዎቹ መጨረሻ «ቢር ቴሴሊ ቬር» (መጽናኛ ስጪኝ) የተሰኘው ሸክላው ሲወጣ አገሩ ተናወጠ። ጌንጄባይ ራሱ እስከ ዛሬ «አራቤስክ» የሚለውን ስም አይቀበልም፤ ሥራው ከዐረብ ያልተቀዳ፣ ነፃ የቱርክ ሙዚቃ ስለመሆኑ ሲከራከር ኖሯል። ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ስሙን ያወጡለት የሚንቁት ሰዎች ናቸው።

በ1964 የተቋቋመው የመንግሥት ማሰራጫ ቴሬቴ ዘፈን የሚያጣራ ቦርድ ነበረውና አራቤስክን አላሳልፍም አለ። ይህም ክልከላ እንደቀደሙት ሌላ መንገድ ከፈተ። ኢስታንቡል ውስጥ ኡንካፓኒ በሚባለው ሰፈር ያለው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴዎች የገበያ ሕንፃ በሸክላና በካሴት አሳታሚዎች ተሞላ፤ ከዚያ የወጣው ካሴት ደግሞ በሚኒባስ ሾፌሮች ቴፕ ከጨረቃ ቤት እስከ ፋብሪካ ተጓዘ። ንቀቱ እዚህም ተከተለው፤ «የሚኒባስ ሙዚቃ» ተባለ። በሬዲዮ የማይሰማ ዘፈን በአገሪቱ ከሁሉ በላይ የሚሸጥ ሆነ። ሦስተኛው መንገድ ሲኒማ ነበር፦ አንድ ዘፈን ሲነሣ በስሙ ፊልም ይሠራለታል፤ ድምፃዊው ራሱ መሪ ተዋናይ ይሆናል። «ቢር ቴሴሊ ቬር» በ1971 በታላቁ ዳይሬክተር ሉትፊ አካድ እጅ ፊልም ሆኗል።

አሁን ወደ ዘፈኑ ውስጥ እንግባ፤ ልቅሶ ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው የሚያመልጠው ይህ ነውና።

አንድ የ1970ዎቹ የአራቤስክ ሸክላ ሲከፈት ቀድመው የሚገቡት ቫዮሊኖቹ ናቸው። እንደ ምዕራቡ ኦርኬስትራ የተለያየ ድምፅ ተከፋፍለው ስምም (ሃርመኒ) አይሠሩም፤ ሁሉም አንዱን ዜማ ይዘው፣ ቢበዛ በአንድ ኦክታቭ ተራርቀው፣ ከድምፅ ወደ ድምፅ እየተንሸራተቱ ይጫወታሉ። ኃይሉ ያለው እዚያ መንሸራተት ላይ ነው። ቫዮሊኖቹ ንጹሕና ደረቅ ሆነው ቢገቡ ዘፈኑ የማስታወቂያ ዜማ ይመስላል። ቀጥሎ ኤሌክትሪክ የተገጠመለት ባለላማ ብቻውን ይናገራል፤ ድምፃዊው አንድ ስንኝ በጨረሰ ቁጥርም ቫዮሊኖቹ አጭር መልስ ይሰጡታል። በስንኞቹ መካከል ያለው ረዘም ያለ የመሣሪያ ክፍል አራናግሜ ይባላል። ከአዝማቹ በኋላ ዜማው ወደ ላይኛው ድምፅ የሚወጣበት ክፍል ደግሞ ሜያን ይባላል። ይህ ክፍል ከኦቶማን የከተማ ዘፈን የተወረሰ ነው፤ ድምፃዊ የሚፈተነውም እዚያ ነው። ከሥር ዳርቡካ የሚባለው የእጅ ከበሮ፣ ቤዝ ጊታር፣ አንዳንዴም ሙሉ ድራም አለ፤ ባለብዙ ክሩ ቃኑንና ዋሽንት መሰሉ ኔይም ጣል ይላሉ።

ምቱን ለመያዝ እስከ ስምንት ቁጠሩና በ1፣ 2፣ 4፣ 5 እና 7 ላይ አጨብጭቡ። በ1 እና በ5 ላይ ያለው በከበሮው መሃል የሚመታው ወፍራም «ዱም» ነው፤ ሌሎቹ በጠርዙ የሚመቱ ቀጫጭን «ቴክ» ናቸው። ቱርኮች ዱዬክ ይሉታል፤ ካይሮ ውስጥም ይኸው ምት አለ። ጆሮው በችክችካ ያደገ ሰው መጀመሪያ ላይ ይከብደዋል፤ ስድስት እየቆጠረ ይገባና 5 ላይ የሚወርደው ዱም ያደናቅፈዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ቴኮቹን ትቶ ሁለቱን ዱሞች ብቻ በእግር መያዝ ነው።

ለቅኝቱ ግን የእኛ ጆሮ ዕድለኛ ነው። አራቤስክ ውስጥ አብዝቶ የሚሰማው ማቃም (የዜማ ቅኝት) ኩርዲ ይባላል። አምባሰልን ከዶ ብንነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። በነዚህ አምስት ላይ ሚ ፍላትንና ሲ ፍላትን ብትጨምሩ የኩርዲን ሰባት ድምፆች ታገኛላችሁ። ክራሩን በአምባሰል የቃኘ ሰው የብዙ አራቤስክ ዘፈኖችን ማረፊያ፣ ማለትም ከሬ ፍላት ወደ ዶ የምትወርደውን ያቺን አጭር ጠባብ እርምጃ፣ በእጁ ይዟታል ማለት ነው። እዚህ ላይ የተለመደ ስህተት አለ፤ ማቃም የድምፆች መሰላል ብቻ አይደለም፣ አካሄድም አለው። ድምፆቹን አሟልቶ ዜማው የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚዘገይ ያላወቀ ተጫዋች ትክክለኛ ድምፅ እየነካ የተሳሳተ ነገር ይጫወታል። ከኩርዲ ሌላ ሂጃዝ አለ፤ ሰፊ ዝላይ በመሃሉ ስላለው ወዲያው ይለያል። ኒሃቬንድ ደግሞ ለምዕራቡ ማይነር የሚቀርብ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ኡሻቅ የሚባለው ማቃም ላይ ነው። የቱርክ ንድፈ ሐሳብ አንዱን ሙሉ ድምፅ በዘጠኝ ኮማ፣ ኦክታቩን በ53 ኮማ ይከፍለዋል። በኡሻቅ ሁለተኛው ድምፅ፣ ከላ ከተነሣን ሲ ማለት ነው፣ በፒያኖው ሲ እና ሲ ፍላት መካከል ያርፋል። በሕዝብ ሙዚቃ ጽሑፍ ሁለት ኮማ ዝቅ ያለ ተብሎ ይመዘገባል፤ ይህ ወደ 45 ሴንት ገደማ ነው፤ አንድ የፒያኖ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት መሆኑን አስቡ። ተጫዋቹ ግን በአንድ ቦታ አያቆመውም፤ ዜማው ሲወጣ ከፍ፣ ሲወርድ ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ኪቦርድ ላይ የድምፆቹን ከፍታ (ስኬል ቱኒንግ) አንድ ጊዜ አስተካክሎ መተው አይበቃም፤ ወደ ታች ሲመጣ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የፒች ቤንድ መንኮራኩር በትንሹ መንካት ያስፈልጋል። ይባስ ብሎ ከሥሩ ኮርድ ሲገባ ያ መሃከለኛ ድምፅ ከሜጀሩም ከማይነሩም ጋር ይጋጫል። ኩርዲ አራቤስክን እንዲህ የገዛው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፦ ቤዝ ጊታርና ኪቦርድ ስቱዲዮ ሲገቡ ሳይጋጭ ከሚቀበሏቸው ማቃሞች አንዱ እሱ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ኪቦርዱ ቫዮሊኖቹን ሲተካ ኡሻቅ የነበሩ ዜማዎች እየተላጉ ኩርዲ ሲሆኑ ይሰማል። በዚያ የጠፋው ነገር ትልቅ ነው።

ባለላማው በሦስት ረድፍ የተደረደሩ ሰባት ክሮች አሉት፤ ታች ሦስት፣ መሃል ሁለት፣ ላይ ሁለት። ረጅሙ አንገት አብዛኛውን ጊዜ ከታች ወደ ላይ ላ፣ ሬ፣ ሶል ተብሎ ይቃኛል። ፍሬቶቹ፣ ማለትም ጣት ክሩን የሚጫንባቸው የአንገቱ መክፈያዎች፣ ብረት አይደሉም፤ በአንገቱ ላይ የተጠመጠመና የታሰረ ናይለን ናቸው፤ በአንድ ኦክታቭ ውስጥ 17 ገደማ ድምፅ ይሰጣሉ። ኮማውን የያዙት እነሱ ናቸው። ናይለን ደግሞ ይላላል። ነጻ ርዝመቱ 80 ሳንቲሜትር በሆነ ክር ላይ፣ ከመቃኛው ጫፍ አጠገብ፣ አንድ ኮማ ከ9 እስከ 10 ሚሊሜትር ይሆናል። ፍሬቱ 3 ሚሊሜትር ብቻ ከተንሸራተተ የኮማ ሲሶ ተበላሽቷል፤ በባዶው ክር የቃኙት መሣሪያ ሁለተኛው ድምፅ ላይ ሲደርስ «የታመመ» የሚመስለው ለዚህ ነው። ተጫዋቹ ክሩን ይወቅሳል፣ ጥፋቱ ግን የፍሬቱ ነው። ጌንጄባይ በዚህ መሣሪያ ላይ ማይክ ገጥሞ በኦርኬስትራው ፊት ማስቆሙ ትልቅ ድፍረት ነበር፤ የገጠሩ መሣሪያ የካይሮን ቫዮሊኖች ሲመራ መጀመሪያ የታየው በእርሱ ሥራዎች ነው።

ግጥሙ የሚሽከረከረው በጥቂት ነገሮች ዙሪያ ነው፦ ጉርቤት (የባዕድ አገር ኑሮ)፣ ካዴር (ዕጣ ፈንታ)፣ የማይመለስ ፍቅር፣ መጠጥ፣ ብቸኝነት። አፍቃሪው ይነዳል፣ ይቃጠላል፤ ይህ ቋንቋ ሱፊ ከሚባሉት የእስልምና ምሥጢራውያን ግጥም የወረደ ነው፣ ስለዚህ የተጠራችው ሴት ትሁን ፈጣሪ አንዳንዴ አይለይም። ፊልሞቹ ደግሞ ያንኑ ያራዝሙታል፤ ድሃው ወጣት ከገጠር ይመጣል፣ የሀብታም ልጅ ይወዳል፣ ይካዳል፣ እስር ቤት ይገባል፣ መጨረሻው ደም ነው። በቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የቀረቡትን የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች ያየ ሰው የዚህን ታሪክ አጥንት ወዲያው ያውቀዋል። ግራ ዘመሞቹ «ሕዝቡን ለዕጣው አሳልፎ የሚሰጥ አደንዛዥ» ሲሉት፣ ሃይማኖተኞቹ መጠጡንና በዕጣ ላይ ማማረሩን ኮነኑ። ሁለቱም አንድ ላይ ልክ ሊሆኑ አይችሉም። የ1975ቱ የጌንጄባይ «ባትስን ቡ ዱንያ» (ይህ ዓለም ይጥፋ) የተሸናፊ ሰው ዘፈን አይደለም። ዓለምን ከሥሩ የሚረግም ሰው ዕጣውን አልተቀበለም።

ከጌንጄባይ ቀጥሎ ሦስት ወንድ ድምፃውያን ይነሣሉ። ፌርዲ ታይፉር (1945–2025) የአዳና ልጅ ነው፤ በ1976 «ቼሽሜ» በተሰኘው ፊልሙ ከፍ አለ፤ ድምፁ ለስለስ ያለ፣ የደከመ ሠራተኛ ድምፅ ነው። ኢብራሂም ታትልሰስ በ1952 ኡርፋ ተወለደ፤ የግንባታ ሠራተኛ ነበር፤ ከደቡብ ምሥራቅ ያመጣው ረጅም፣ ምት የሌለው አዘፋፈን ሌላው ሊደርስበት ያልቻለ ነው። ኩርድኛ ሕዝብ ፊት መዝፈን በሚያስቀጣበት ዘመን የዚያ ክልል የዜማ ጠባይ በቱርክኛ ቃል ተሸፍኖ አገር የሰማው በአብዛኛው በእሱ ድምፅ ነው። ሙስሉም ጉርሴስ (1953–2013) ከሁሉም የከበደ፣ ወፍራም ድምፅ አለው። አድናቂዎቹ «ሙስሉም ባባ» ይሉታል፣ አባት ማለታቸው ነው፤ በኮንሰርቱ ላይ ገላቸውን በምላጭ የሚተለትሉ ወጣቶች ነበሩ፤ ጋዜጦቹም ለዓመታት ሌላ ነገር አላዩበትም። በ2006 ገጣሚው ሙራትሃን ሙንጋን ለምዕራባውያን ዘፈኖች የቱርክኛ ግጥም አዘጋጅቶ ሲያሠራው ግን፣ ትናንት የናቁት የከተማ ልሂቃን ተሰልፈው ገዙት። ድምፁ ያው ነበር።

ድምፃዊቷ ቤርጌን ለብቻዋ መነሣት አለባት። በ1982 ባሏ ባስደፋባት አሲድ አንድ ዓይኗን አጣች፤ ፀጉሯን በፊቷ ላይ ጥላ መድረክ ተመለሰች፤ በ1986 «አጅላርን ካድኑ» (የስቃይ ሴት) የተሰኘው ካሴቷ ስሟ ሆኖ ቀረ። በነሐሴ 1989 ያው ሰው ተኩሶ ገደላት፤ ገና በወጣትነቷ ነበር። መርሲን ያለው መቃብሯ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው። አራቤስክ ስቃይን ያጋንናል የሚል ሰው የእሷን ሥራ አድምጦ ይናገር።

መንግሥት በመጨረሻ ከመከልከል ወደ መጠገን ዞረ። ከ1980ው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ሥልጣን የያዘው የቱርጉት ኦዛል ፓርቲ የጨረቃ ቤቱን ድምፅ ይፈልግ ነበርና አራቤስክን በምርጫ ዘመቻ ተጠቀመበት። በ1989 የባህል ሚኒስትሩ ትናዝ ቲቲዝ «ሕመም የሌለው አራቤስክ» የሚል ፕሮጀክት ይዘው ቀረቡ፤ ኤሲን ኤንጊን አቀናበረው፣ ሃኩ ቡሉት ዘፈነው። ገበያው ፊቱን አዞረ። የማይሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቫዮሊኖቹ የሚመልሱት ድምፃዊው ለጠየቀው ነው፤ ሜያኑ ወደ ላይ የሚወጣው ከታች የሚገፋው ነገር ስላለ ነው። ሕመሙን ካወጡት በኋላ ቅርጹ የሚሠራው ሥራ የለውም።

በሩን የሰበረው ሳተላይት ነው። በ1990 የመጀመሪያው የግል ቴሌቪዥን ከጀርመን ተነሥቶ ወደ ቱርክ ማሰራጨት ሲጀምር የቴሬቴ ማጣሪያ ትርጉሙን አጣ። ከዚያ ወዲህ አራቤስክ በፖፑም፣ በራፑም ውስጥ ገብቷል። ከድንበሩም ወጥቷል፤ እስራኤል ውስጥ የምሥራቃውያን አይሁድ ድምፃውያን የቱርክን ዜማዎች በዕብራይስጥ ግጥም እየሠሩ፣ ሬዲዮው ሲገፋቸው በቴል አቪቭ አሮጌው የአውቶቡስ ማዞሪያ በካሴት ሸጠዋቸዋል። እዚያ የምትኖሩ ኢትዮጵያውያን ሰርግ ቤት የምትሰሟቸው አንዳንድ ዘፈኖች መነሻቸው ኡንካፓኒ ነው።

ለመጀመር ለምትፈልጉ፦ መጀመሪያ «ባትስን ቡ ዱንያን» ያዙ፤ በመጀመሪያው ዙር ቫዮሊኖቹን ብቻ፣ በሁለተኛው ባለላማውን ብቻ፣ በሦስተኛው ድምፁን ስሙ። ቀጥሎ የታትልሰስን ምት የሌለው አዘፋፈን፣ ከዚያ ቤርጌንን፣ ሙስሉምን በመጨረሻ። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ተጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ አሮጌ ዘፈኖች በኋላ ዘመን በኪቦርድ እንደገና ተቀርጸው በአንድ ርዕስ ተጭነዋል። መግቢያው ላይ ቫዮሊኖቹ በአንድነት ካልተንሸራተቱና ዳርቡካው እንደ ማሽን እኩል እኩል ከመታ፣ ያገኛችሁት የኋላውን ቅጂ ነውና የሸክላውን ዘመን ቅጂ ፈልጉ።